የሕንድ ዘመናዊ ገጣሚዎች፦ በእንግሊዝኛ የጻፉትን ብቻ ማንበብ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ከከዚራ አንባቢ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በድሬዳዋ አነስተኛ የንባብ ክበብ አለን፤ ለመጪዎቹ ወራት የመረጥነውም የሕንድን ዘመናዊ ግጥም ነው። በምርጫው ሁላችንም ተስማምተናል፤ ያላስማማን አቀራረቡ ነው። ከአባላቱ ከፊሎቹ በእንግሊዝኛ የጻፉትን የሕንድ ገጣሚዎች ብቻ ብናነብ ይበቃናል ባዮች ናቸው። አንደኛው ምክንያታቸው በእጃችን ያለው መጽሐፍ እሱ ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በማራቲ፣ በታሚል፣ በካንናዳ ወይም በፑንጃቢ የተጻፈው ግጥም ከመዝሙርና ከሕዝብ ዘፈን ብዙም ያልራቀ፣ ስለዚህም ዘመናዊ ሊባል የማይችል ነው የሚል ግምት ነው።

ይህን ግምት ለመቀበል ተቸግሬአለሁ። ሳሂትያ አካዳሚ የተባለው የሕንድ ብሔራዊ የሥነ ጽሑፍ ተቋም የተመሠረተው በ1954 ሲሆን፣ ዛሬ በ24 ቋንቋዎች ለተጻፉ ሥራዎች በየቋንቋው ሽልማት ይሰጣል፤ እንግሊዝኛ ከ24ቱ አንዱ ብቻ ነው። በሕገ መንግሥቱ ስምንተኛ ሠንጠረዥ ከተዘረዘሩት 22 ቋንቋዎች መካከልማ እንግሊዝኛ ጭራሽ የለበትም። በቤንጋሊ ቋንቋ የጻፈው ገጣሚ ታጎር በ1913 የኖቤልን ሽልማት ያገኘው ራሱ ወደ እንግሊዝኛ በመለሳቸው ግጥሞች አማካይነት ቢሆንም፣ ቤንጋሎች ዛሬም ድረስ የሚያዜሙት የቤንጋሊውን ታጎር ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ እነዚህ ገጣሚዎች ዘመናዊ የሆኑት የየቋንቋቸውን ነባር ውርስ ጥለው ነው ወይስ ከዚያው ውርስ አንድ ነገር ይዘው? ገጣሚውን ለማንበብ ከኋላው ያለውን ምን ያህል ማወቅ ያስፈልጋል? ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ በክበባችን የምንወያየው በአማርኛ ቢሆንም፣ በየቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ ወይም ሌላ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር የጻፍኩት ግራ እንዳያጋባ ነው፤ መላሾችም እንዲሁ ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከ«ፑኔ የነበርኩ» (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ውድ ጠያቂ፣ ከጓደኞችዎ ሁለት ምክንያቶች የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፤ መጽሐፍ በሌለበት የንባብ ክበብ የለም። ሁለተኛው ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ግጥም ራሱን ግማሹን የሚያሳጣችሁ ነው።

አሩን ኮላትካርን (1932–2004) እንውሰድ። ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ውስጥ በማስታወቂያ ሥራ የተሠማራ የንድፍ ባለሙያ ነበር፤ በማራቲም በእንግሊዝኛም ይጽፍ ነበር። በ1976 ያሳተመው «ጄጁሪ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ የግጥም መድበል በተከታዩ ዓመት የኮመንዌልዝን የግጥም ሽልማት አስገኝቶለታል። ጄጁሪ የማራቲ ተናጋሪዎች ከተማ ከሆነችው ከፑኔ ብዙም የማትርቅ፣ ካንዶባ የተባለው አምላክ የሚመለክባት የተሳላሚዎች ከተማ ናት። ተራኪው በአውቶቡስ ተሳፍሮ ይደርሳል፤ የፈራረሰውን መቅደስ፣ ድንጋዩን፣ ካህኑን፣ ሳንቲም የምትለምነውን አሮጊት ያያል፤ አይሰግድም፣ ነገር ግን ዓይኑንም አይነቅልም። በአንደኛው አጭር ግጥም ውስጥ መቅደስ ነው ተብሎ የተከፈተው በር የጥጃ በረት ሆኖ ይገኛል። ማራቲን የማያውቅ አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ በቀላሉ የሚደርስበት ድምዳሜ፣ የፈረንጅ ትምህርት የቀሰመ ከተሜ በአያቶቹ እምነት ላይ እያላገጠ ነው የሚል ነው፤ ብዙዎችም እንደዚያ ብለውታል።

ኮላትካር ግን የቱካራምን ግጥሞች ወደ እንግሊዝኛ ከመለሱት ሰዎች አንዱ ነው፤ ይህን ማወቅ ንባቡን ከሥሩ ይለውጠዋል። ቱካራም በ17ኛው መቶ ዘመን በፑኔ አቅራቢያ ዴሁ በምትባል መንደር የኖረ፣ ንግዱ በረኃብ ዘመን የከሰረበት፣ ከዝቅተኛው መደብ የተወለደ ገጣሚ ነው። አብሃንግ የሚባሉ አጫጭር ግጥሞቹ ቪትታል ለተባለው አምላክ የቀረቡ ቢሆኑም በውዳሴ ብቻ የተሞሉ አይደሉም፤ ሰውየው አምላኩን ይሟገተዋል፣ ይወቅሰዋል፣ አንዳንዴም ቃል እንዳጠፈ ባለዕዳ ያፋጥጠዋል። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ሰው ስለ ሃይማኖት ሊጽፍ አይገባውም ያሉ ብራህሚኖች (የካህናቱ መደብ ሰዎች) ጽሑፉን ወንዝ ውስጥ እንዲጥለው እንዳስገደዱትና ከ13 ቀን በኋላ ብራናው ሳይበላሽ ተንሳፎ እንደ ተገኘ በትውፊት ይነገራል። እንግዲህ በጄጁሪ ገጾች የምንሰማው ጥርጣሬና ሽሙጥ ከለንደን የመጣ ሳይሆን ማራቲ ራሱ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲለማመደው የኖረ የንግግር ዓይነት ነው ማለት ነው። ከለንደንና ከፓሪስም የመጣ ነገር የለበትም እያልኩ አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች የፓሪሱን ገጣሚ ቦድሌርንም የለንደኑን ኤልየትንም ጠንቅቀው አንብበዋል። የምለው ሁለቱን የሚያነቡት በአንድ ጊዜ ነበር ነው።

ቱካራም ብቻውን የበቀለም አይደለም። ድኛኔሽዋር የተባለው ገጣሚ በ1290 ገደማ በጥንታዊው የሳንስክሪት ቋንቋ የተጻፈውን የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታን በማራቲ ግጥም ሲተረጉምና ሲያብራራ፣ ሊቃውንቱ ሃይማኖትን በሳንስክሪት ብቻ ይማሩና ያስተምሩ ነበር። የዚያ ወገን ግጥሞች ዛሬም በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አይደሉም፤ በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ብዙ ሕዝብ የቪትታል መቅደስ ወዳለበት ወደ ፓንዳርፑር በእግሩ ሲጓዝ በመንገድ ላይ ይዘምራቸዋል። የቁልቢ ገብርኤልን መንገደኛ ያየ ሰው ሁኔታውን ለመገመት አይቸገርም። የማራቲ ዘመናዊ ግጥም አባት የሚባለው ባ. ሲ. ማርዴካር (1909–1956) ስለ ከተማና ስለ ፋብሪካ ኑሮ በመረረ አንደበት ሲጽፍ የተጠቀመው በእነዚሁ ተጓዦች የአብሃንግ ምት ነው። አዲሱ ይዘት በጣም አዲስ፣ ምቱ ደግሞ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው መሆኑ አንባቢውን ምን ያህል እንደሚያስደነግጠው አስቡት።

ሌላው ዲሊፕ ቺትሬ (1938–2009) ነው። ከኮላትካርና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር «ሻብዳ» የተሰኘች አነስተኛ የማራቲ መጽሔት በቦምቤይ ያሳትም ነበር፤ በ1991 ያወጣው የቱካራም ትርጉም ዛሬ ቱካራምን በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ዋናው በር ነው። ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ በመምህርነት ለ3 ዓመታት ያህል ኖሯል። በዚህ መድረክ የሚሳተፉ አረጋውያን ስለዚያ ዘመን የሚሉን ነገር ቢኖር እወዳለሁ።

መልስ፦ ከጁገል (ሐረር)

ፑኔ የነበረው ወንድማችን አረጋውያንን ስለ ጠራ ልመልስ። በእኛ የተማሪነት ዘመን በመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሕንዳውያን መምህራን ብዙ ነበሩ፤ እዚሁ ሐረር ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተከፈተውን የጦር አካዳሚ ያቋቋሙትና ያስተማሩበት የሕንድ መኮንኖች ናቸው። ከዚያም በፊት ከተማችን የሕንድ ነጋዴዎችን ታውቃለች፤ ዛሬ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጎበኘውን ባለ እንጨት ሰገነት ቤት የሕንድ ነጋዴ እንደሠራው ይነገራል። እንዲያም ሆኖ እኛ ሁሉንም «ሕንዶች» ብለን ነው የምንጠራቸው፤ የትኛው ማላያላም፣ የትኛው ጉጅራቲ እንደሚናገር የጠየቀ ተማሪ አላስታውስም። የጠያቂው ጓደኞችም የሚሉት ከዚህ ብዙ የተለየ አይመስለኝም።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደም ሰው ነበረን። በሐረር ያደገውና ቅኔን በልጅነቱ የተማረው መንግሥቱ ለማ በኒው ዴልሂ በነበረው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በዲፕሎማትነት አገልግሏል። የአለቃ ልጅ ሆኖ፣ ለንደን ተምሮ፣ በአማርኛ ግጥምና ኮሜዲ የሚጽፍ ሰው፣ ቺትሬ ኢትዮጵያ ውስጥ በነበረበት ዘመን አካባቢ ዴልሂ ተቀምጦ እንደ ነበር ሳስብ ይገርመኛል።

ስለ ጉዳዩ እኔ የማክለው ስለ ታሚል ነው። ወንድማችን እንዳለው በማራቲ ነባሩ ግጥም በሕዝቡ አፍ ሳይቋረጥ ኖሯል፤ በሌሎች ቋንቋዎች ግን ውርሱ ተቋርጦ፣ ጠፍቶ፣ ተፈልጎ የተገኘ ነው። የጥንቱ የታሚል ግጥም፣ ሳንጋም የሚባለው፣ ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዘመን የታሚል ሊቃውንት ራሳቸው አብዛኛውን አያውቁትም ነበር። ኡ. ቬ. ስዋሚናታ አይየር (1855–1942) የተባሉ ሊቅ በየገዳሙና በየቤቱ እየዞሩ፣ ምስጥ ከበላው የዘንባባ ቅጠል ላይ እየገለበጡና እያመሳከሩ አንዱን መጽሐፍ ከሌላው በኋላ አሳተሙት፤ «ፑራናኑሩ» የተባለውን የ400 ግጥሞች ስብስብ ለኅትመት ያበቁት በ1894 ነው። በየገዳሙ የተኙትን የእኛን ብራናዎችና በሐረር ቤቶች በየሣጥኑ የሚገኙትን በዓረብ ፊደል የተጻፉ መጻሕፍት ለሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

አ. ኬ. ራማኑጃን (1929–1993) የዚህ ፍለጋ ልጅ ነው። የተወለደው የካንናዳ ቋንቋ አገር በሆነችው ማይሶር ከታሚል ቤተሰብ ነው፤ ከእናቱ ጋር ታሚል፣ ከአባቱ ጋር እንግሊዝኛ፣ በመንገድ ላይ ካንናዳ ይናገር ነበር። ግጥም የጻፈው በእንግሊዝኛና በካንናዳ ነው። የሳንጋምን ግጥም በወጉ ያገኘው ግን በታሚል አገር ሳይሆን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ፣ ሌላ መጽሐፍ ሲፈልግ ነው። በ1967 ያወጣው የፍቅር ግጥሞቹ ትርጉም ታሚል ለማያውቁ ሁሉ በር ከፈተ።

በሳንጋም የፍቅር ግጥም ውስጥ መልክዓ ምድር አምስት ነው፤ ተራራ፣ ጫካ፣ እርሻ፣ ባሕር ዳርና በረሃ። ተራራው የሁለት ፍቅረኞች ድብቅ ግንኙነት ነው፣ ጫካው በትዕግሥት መጠበቅ፣ እርሻው የባል ወስላታነትና የሚስት ኩርፊያ፣ ባሕር ዳሩ የናፍቆት ጭንቀት፣ በረሃው መለያየት ነው። ገጣሚው «ተለያየን» አይልም፤ የደረቀ ቁጥቋጦና የተጠማ አውሬ ያሳያል፣ አድማጩም ይረዳል። ስሜቱን ሳይናገሩ በሥዕሉ ሥር መደበቅ እንግዲህ በሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ የቤቱ ነገር ነው፤ ልዩነቱ በእኛ ቅኔ ድርብነቱ በአብዛኛው በቃሉ ላይ ሲሆን በእነርሱ በአገሩ ላይ መሆኑ ነው። የራማኑጃን የእንግሊዝኛ ግጥሞች ዝም ያሉ፣ ቀዝቃዛ፣ ስለ ወንዝና ስለ ቤተሰብ ብቻ የሚያወሩ ሊመስሏችሁ ይችላሉ። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ደግማችሁ አንብቧቸው።

መልስ፦ ከደቻቱ ማዶ (ድሬዳዋ)

የጁገሉን ጋሼና ፑኔ የነበሩትን ወንድማችንን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሁለታችሁም ስለ ውርስ ስትናገሩ ሁሉም ሰው ወራሽ እንደ ሆነ አድርጋችሁ ነው። ናምዴዎ ዳሳል (1949–2014) የተወለደው በፑኔ አቅራቢያ ካለ መንደር፣ ሌሎች አይንኳቸው ከሚሏቸው ማሃሮች ወገን ነው፤ ያደገው በቦምቤይ ሴተኛ አዳሪዎች በሚኖሩበት ሠፈር ሲሆን ታክሲም ነድቷል። በ1972 አይነኬ ለሚባሉት ሰዎች መብት የሚታገለውን የዳሊት ፓንተርስን ንቅናቄ ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ፤ በዚያው ዘመን የወጣው «ጎልፒታ» የተሰኘው የመጀመሪያ መድበሉ የዚያን ሠፈር ቋንቋ፣ ስድቡን፣ ሽታውን፣ ደሙን ሁሉ ወደ ማራቲ ግጥም አስገባው። የተማሩ የማራቲ ተናጋሪዎች ብዙዎቹን ቃላት ራሳቸው አያውቋቸውም ነበር። ለዚህ ሰው ነባሩ ቅርስ ምኑ ነው? በቤተ መቅደሱ ደጃፍ ያላሳለፈው መዝሙር እንዴት ቅርሱ ሊባል ይችላል?

ማሃሮች በዚያው በቱካራም ወገን ውስጥ የራሳቸው ገጣሚ ነበራቸው፤ በ14ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቾካሜላ። እሱም ለቪትታል ዘምሯል፤ ወደ መቅደሱ ግን አልገባም፣ መቃብሩም ዛሬ ድረስ በፓንዳርፑር መቅደስ በር ሥር ነው። ከማሃሮች የወጡት መሪ አምቤድካር በ1948 ያሳተሙትን አይነኬ ስለሚባሉት ሰዎች የተጻፈ መጽሐፍ ለቾካሜላና ለሁለት መሰሎቹ መታሰቢያ አድርገውታል፤ በ1956 ደግሞ ከብዙ ተከታዮቻቸው ጋር ሂንዱነትን ትተው ቡድሂስት ሆኑ። የዳሳል ትውልድ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አብሃንግን ከዳሳል በፊት እንድታነቡ የሚመክር ሰው፣ ቾካሜላ በር ላይ መቆሙን አብሮ ሊነግራችሁ ይገባል። የዳሳልን ግጥሞች መርጦ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ቱካራምን የተረጎመው ያው ቺትሬ መሆኑን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊወድ እንደሚችል አይቻለሁ።

ሴቶቹንም አንዳችሁም አላነሣችኋቸውም። አምሪታ ፕሪታም (1919–2005) በፑንጃቢ የጻፈች ናት። በ1947 ፑንጃብ ለሕንድና ለፓኪስታን ስትከፈል ከላሆር ተሰደደች፤ በዚያ ዕልቂት ማግሥት በባቡር እየተጓዘች የጻፈችው ግጥም የሚጀምረው በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረውን ዋሪስ ሻህን ከመቃብሩ በመጥራት ነው። ዋሪስ ሻህ የሂርንና የራንጃን የፍቅር ታሪክ የጻፈ የሙስሊሞችም፣ የሲኮችም፣ የሂንዱዎችም ገጣሚ ነው። አንዲት የፑንጃብ ልጅ ብታለቅስ ያን ሁሉ ሙሾ አወረድህ፣ ዛሬ መቶ ሺሕ ሴቶች ልጆች እያለቀሱ ነውና ተነሥ ነው የምትለው። በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚነገረው ቋንቋ አንድ ሆኖ የሚጻፈው በሁለት የተለያዩ ፊደሎች መሆኑን ስታስቡ፣ ሁለቱም ወገን የሚያውቀውን ሟች መጥራቷ ምን ያህል ብልህ እንደ ሆነች ይገባችኋል። በ1956 የሳሂትያ አካዳሚን ሽልማት ስትቀበል ለሴት የመጀመሪያው ነበር። ለእኔ ከሁሉም በላይ ገጣሚ ከውርሱ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር የሚያሳየው ይህ ግጥም ነው፤ ዳሳል ደግሞ እንዴት እንደሚጣላ ያሳያል። ሁለቱን በአንድ ቀን ብታነቧቸው ክርክራችሁ ያምራል።

ከጠያቂው፣ ከከዚራ አንባቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደቻቱዋ እኅታችን ያነሣችውን ነጥብ ለክበባችን አቀርበዋለሁ፤ ቾካሜላን ከዳሳል ጋር ማንበብ ፈጽሞ ያላሰብኩት መንገድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ከአባሎቻችን መካከል በአማርኛ የሚገጥም፣ በቤቱ ግን ኦሮምኛ የሚናገር ወጣት አለ። ያባቶቹ ውርስ ጌራርሳ ሲሆን በሚጽፍበት ቋንቋ ያለው ውርስ ግን ሌላ መሆኑ ይከብደዋል። በሕንድ እንዲህ ያለ ገጣሚ አለ?

መልስ፦ ከ«ፑኔ የነበርኩ»

አለ፤ ከታላላቆቹም መካከል ነው። ድ. ራ. ቤንድሬ (1896–1981) በዳርዋድ የተወለደ፣ በቤቱ ማራቲ የሚነገርበት ሰው ሆኖ ሳለ በካንናዳ ግጥም ታላቅ ከሚባሉት አንዱ ሆኗል፤ በ1973 የተሰጠውን፣ በሕንድ ከታላላቆቹ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የጅኛንፒት ሽልማት የተቀበለውም በካንናዳ ሥራው ነው። የገጠመው በመጽሐፍ ካንናዳ አልነበረም፤ በአካባቢው ገበሬና ነጋዴ በሚናገረው በሰሜኑ ካንናዳ፣ በሕዝቡ የዘፈን ምት ነው እንጂ። ለወጣቱ የምለው ይህን ነው፤ ቤንድሬ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ የገባው በሊቃውንቱ በር ሳይሆን በጎዳናው በር ነው። ሌላዋ ካማላ ዳስ (1934–2009) ናት፤ እናቷ ባላማኒ አማ የታወቀች የማላያላም ገጣሚ ስትሆን፣ ልጅቷ ግጥሟን በእንግሊዝኛ፣ ልብ ወለዷን በሌላ የብዕር ስም በማላያላም ጻፈች። ሦስት ቋንቋ እየተናገረች በሁለቱ ስለ መጻፏ የሚጠይቋትን ሰዎች በ1965 ባሳተመችው መድበል ውስጥ በቁጣ መልሳላቸዋለች፤ ያን ግጥም ለልጁ ስጡት።

መልስ፦ ከጁገል

ወጣቱ ወደ ሕንድ እስኪደርስ ድረስ እዚሁ አጠገቡ ያለውንም ይስማ። የድሬዳዋው አሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎችም አዚሟል፤ ማንም ከየትኛው ቋንቋ ነህ ብሎ ሲያስጨንቀው አልሰማሁም። በሐረር የሚዘመረው ዚክሪም ዓረብኛንና ሐረሪን በአንድ ከበሮ ሥር ይዞ ኖሯል።

መልስ፦ ከደቻቱ ማዶ

በአንድ ከበሮ ሥር መኖሩ እውነት ነው፤ ግን ጋሼ፣ አሊ ቢራ ዘፋኝ ነው። ዘፋኝን በሁሉም ቋንቋ ይወዱታል፤ ገጣሚን ግን የማን ነህ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ልጁ የሚከብደው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ስለ ቅደም ተከተሉ ሐሳቤ እነሆ፤ መጀመሪያ ጄጁሪ፣ በእጃችሁ ስላለና ክርክሩን ስለሚያስነሣ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ጥቂት የቱካራም አብሃንጎችና የቾካሜላ አንድ ሁለት፤ ከዚያ ዳሳልና አምሪታ በአንድ ቀን። ራማኑጃንን ከሳንጋም ትርጉሞቹ ጋር ለብቻው ቀን ስጡት፤ ከሌላ ጋር ከተነበበ ድምፁ ይዋጣል። ቤንድሬን በጥሩ ትርጉም ማግኘት ስለሚያስቸግር ለመጨረሻ ብታቆዩት ይሻላል። የዳሳል ቀን ሲደርስ ግን ልጆቻችሁን ይዛችሁ አትምጡ።